ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት በር

ጥያቄ፦ ገላን ባለ ፋብሪካ የሠራተኞቹን ዌብ መተግበሪያ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች ማውጫ) ጋር በኤልዳፕ (ማውጫን መጠየቂያ ፕሮቶኮል) አገናኝቻለሁ። የይለፍ ቃሉን ባዶ የተወ ሠራተኛም ይገባል። ለምን?

መልስ፦ ስም ተልኮ የይለፍ ቃሉ ባዶ ሲሆን ሰርቨሩ ማንነቱ እንዳልታወቀ እንግዳ ቆጥሮ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል፤ መተግበሪያዎ ያንን እንደ ማረጋገጫ ወስዶታል። አደገኛ ነውና ባዶ የይለፍ ቃልን ዛሬውኑ፣ ወደ ሰርቨሩ ሳይደርስ፣ በኮድዎ ውድቅ ያድርጉ።

ቅደም ተከተሉንም ይፈትሹ። የማንበብ ፈቃድ ብቻ ባለው አካውንት ተጠቃሚውን ይፈልጉ፤ ውጤቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በተገኘው ሙሉ መለያና ሠራተኛው በጻፈው የይለፍ ቃል እንደገና ይገናኙ። ከመፈለግዎ በፊት በስሙ ውስጥ ያሉ ኮከብና ቅንፎች እንደ ትእዛዝ እንዳይነበቡ ያድርጉ።

ግንኙነቱ እንዲመሰጠር ፖርት 636ን፣ ወይም በ389 ላይ ስታርት ቲኤልኤስን (ተራውን ግንኙነት ወደተመሰጠረ የሚቀይር ትእዛዝ) ይጠቀሙ፤ አለዚያ የይለፍ ቃሉ በኔትወርኩ ላይ በግልጽ ይነበባል። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) አልታመን ካለ ፍተሻውን አያጥፉ፤ የሰርተፍኬት ሰጪውን ሰርተፍኬት መተግበሪያው ባለበት ማሽን ላይ ይጫኑ።