ማርኬት ሜከር ካለ አክሲዮኔን ሁሌም እሸጣለሁ?

«የባንክ አክሲዮን አለኝ። ማርኬት ሜከር ካለ በፈለግኩ ቀን፣ በፈለግኩት ዋጋ እሸጣለሁ ማለት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ማርኬት ሜከር፣ ማለትም አክሲዮን ለመግዛትም ለመሸጥም ዋጋ እያወጣ የሚቀመጥ ነጋዴ፣ ቀኑ ላይ በጣም ያግዝሻል። ዋጋው ላይ ግን ቃል የሚገባልሽ የለም።

እኔ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በአንዱ የነበረኝን አክሲዮን የሸጥኩት የኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ ከመከፈቱ በፊት ነው። ገዢ የፈለግኩት በሰው በሰው ነበር። አንዱ ደላላ አንድ ዋጋ ይነግረኛል፣ ሌላው በጣም ዝቅ ያለ። የቱ ትክክል እንደሆነ በምን ልወቅ? ገዢ ሲገኝም ብሩን አሟልቶ እስኪመጣ ወራት ሄዱ። ብሩን ለቤት ጉዳይ ቸኩዬበት ስለነበር በመጨረሻ ቀንሼ ሰጠሁት። ሊኩዊዲቲ የለም የሚባለው ይሄ ነው። ንብረት አለሽ፣ ብር ግን የለሽም።

ማርኬት ሜከር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ባንክ ውስጥ የምንዛሪ ሰሌዳ አይተሽ የለ? መግዣና መሸጫ ጎን ለጎን ይወጣል። እሱም ለአንድ አክሲዮን ሁለቱንም ዋጋ ያወጣል። ለምሳሌ በ1,000 ብር እገዛለሁ፣ በ1,020 እሸጣለሁ ይላል። 20 ብሯ የእሱ ናት፤ ግን ያለ ስጋት አትገኝም። የገዛው አክሲዮን እጁ ላይ እያለ ዋጋው ሊወርድ ይችላል። ከእሱ የተሻለ መረጃ ያለው ሰውም ሊሸጥለት ይችላል። ስጋቱ ሲበዛ ልዩነቱን ያሰፋዋል። ገዢና ሻጭ ሲበዛ፣ ማርኬት ሜከሮችም ሲፎካከሩ ልዩነቱ ይጠባል።

በክፉ ቀን ደግሞ ማርኬት ሜከሩ ሊሸሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 የአሜሪካ ገበያ ሲወድቅ ናስዳክ በሚባለው የአክሲዮን ገበያ ብዙ ማርኬት ሜከሮች ስልክ አላነሱም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010ም ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያሽቆለቁል፣ ለይስሙላ የተቀመጡ እጅግ ዝቅተኛ የመግዣ ዋጋዎች ብቻ ቀርተው አንዳንድ አክሲዮኖች በ1 ሳንቲም ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ ያለ የይስሙላ ዋጋ ማስቀመጥ የተከለከለው።

የእኛ ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ጀማሪ ነው። ባንክሽ ገበያው ላይ ስለተመዘገበ ብቻ በየቀኑ ገዢ አለ ብለሽ አታስቢ። ብሮከርሽን (ገበያው ላይ የሚሸጥልሽን አገናኝ) የዛሬውን መግዣና መሸጫ ጠይቂው። በዚያ ዋጋ ስንት አክሲዮን እንደሚፈለግም ይንገርሽ፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 200 አክሲዮን ይዘሽ በ1,000 ብር የሚፈለገው 10 ብቻ ከሆነ፣ የቀረው በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከዚህ በታች አትሽጥ ብለሽ ወሰን አስቀምጪለት። ሁሉም በአንድ ቀን ላይሸጥ ይችላል፤ የሚሸጠው ግን ካስቀመጥሽው ወሰን በታች አይሸጥም።