በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልጠፋው ለምንድን ነው? (መልስ)
ባክቴሪያ ገዳይ ንጥረ ነገር ከጨመሩበት የጥርስ መሙያ የሠሯቸውን ዲስኮች ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል መሰል ምግብ) ላይ አስቀምጠው በዙሪያቸው ባክቴሪያ የሌለበት ባዶ ቀለበት እንዳላዩ ጠይቀዋል። ቀለበቱ አለመታየቱ መሙያዎ ባክቴሪያ አይገድልም ማለት አይደለም። የማይስማማው ፍተሻው ነው። የጨመሩት ኳተርነሪ አሞኒየም ሞኖመር (ባክቴሪያ ገዳይ የሆነ፣ ከሌሎች ጋር ሊተሳሰር የሚችል ትንሽ ሞለኪውል) መሙያው በብርሃን ሲጠጥር ከሬዚኑ (ከመሙያው ፕላስቲክ መሰል አካል) ጋር ተሳስሮ ይቀራል፤ ወደ አጋሩ አይሰርግም። የሚገድለው የሚነካውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስን (ጥርስ የሚያበሰብሰውን ባክቴሪያ) በቀጥታ ዲስኩ ላይ ያሳድጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተጣበቀውን አራግፈው አጋር ላይ ይዝሩና የበቀሉትን ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ይቁጠሩ፤ ሞኖመር ከሌለበት ዲስክ ጋር ያነጻጽሩ። በምራቅ የተለበጠ ዲስክም ይጨምሩ፤ የምራቅ ፕሮቲን ገጹን ሲሸፍነው ኃይሉ ይቀንሳልና።

አደራ፣ ዲስኮቹን አስቀድመው በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈው ይጠቡ። እኔ ይህን ዘልዬ እጅግ ያማረ ውጤት አግኝቼ ነበር፤ ባክቴሪያውን የገደለው ግን ሳይተሳሰር ቀርቶ የሾለከው ሞኖመር ነበር። ያ ደግሞ የጥርስን ሕያው ሥጋም ይጎዳል።