ስም የሌላት ኮከብ፦ ስለ ፍሎረንስ ሎውረንስ የጠየቃችሁኝ

ድምፅ አልባ ፊልም ከሠሩት ተዋንያን ሁሉ ልቤ የቀረው ፍሎረንስ ሎውረንስ ላይ ነው። ስለ እሷ የመጡልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሟን ሰምቼው አላውቅም። ማን ናት?

በ1886 ካናዳ ውስጥ፣ ሃሚልተን ከተማ የተወለደች ናት። አባቷ ሠረገላ ሠሪ ነበር። እናቷ ሎታ ደግሞ የራሷን የቲያትር ቡድን ይዛ ከከተማ ከተማ የምትዞር የቮድቪል ተዋናይት ነበረች። ልጅቷም ገና በሕፃንነቷ መድረክ ላይ ወጣች፤ «ቤቢ ፍሎ፣ ተአምረኛዋ ሕፃን» እየተባለች ትዘፍንና ትጨፍር ነበር። ኋላ ላይ ከ200 በላይ ፊልሞች ሠርታለች።

ጥያቄ፦ ቮድቪል ምን ዓይነት ቲያትር ነው?

አንድ ታሪክ የለውም። በአንድ ምሽት ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ አክሮባቱ፣ አጭር ድራማው ተራ በተራ ይቀርባል። የድሮውን የሀገር ፍቅር ቅይጥ ዝግጅት ያየ ሰው አይቸገርበትም። ተመልካቹ ከሰለቸው ያባርርሃል፤ ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰውን መያዝ ግድ ነው። የያኔው ፊልም ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስለነበር ይህ ልምድ በጣም ጠቅሟል።

ጥያቄ፦ ወደ ፊልም እንዴት ገባች?

በፈረስ! በ1907 የኤዲሰን ኩባንያ ስለ ጥንቱ አሜሪካዊ አዳኝ ዳንኤል ቡን ፊልም ሲሠራ ፈረስ መጋለብ የምትችል ልጅ ፈለገ። አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ደጅ ላይ፣ በቀን 5 ዶላር ሠራች። ከዚያ ቫይታግራፍ የሚባል ሌላ የፊልም ኩባንያ በሳምንት 20 ዶላር ቀጠራት፤ በዚያ ደመወዝ ትተውናለች፣ የተዋንያኑንም ልብስ ትሰፋለች። በ1908 ባዮግራፍ የሚባለው የፊልም ኩባንያ ዳይሬክተር ግሪፊዝ መጣና «25 ዶላር፣ ትወና ብቻ» አላት። መርፌዋን አስቀምጣ ሄደች።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስሟ ፊልሙ ላይ ለምን አልተጻፈም? ጋሼ፣ ይህን በደንብ ያብራሩልን።

በደንብ ሊብራራ የሚገባው እሱ ነው፤ እኔንም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ባዮግራፍ የማንንም ተዋናይ ስም አይገልጽም ነበር። አንደኛው ምክንያት ከቲያትር ቤት የመጡት ተዋንያን ራሳቸው ናቸው፤ ፊልም እንደ ወራዳ ሥራ ይታይ ስለነበር ስማችን ባይነሳ ይሻላል የሚሉ ነበሩ። ዋናው ግን ገንዘብ ነው። ስሙ የታወቀ ተዋናይ ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላል። ስም የሌለው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሕዝቡ ግን ፊቷን ለየ። ስሟን ስላላወቀ «የባዮግራፏ ልጅ» አላት። የጆንስ ቤተሰብ በሚባሉት አስቂኝ ፊልሞች ሚስትየዋን ስለምትጫወት ደግሞ «ወይዘሮ ጆንስ» የሚላትም ነበር። ተመልካች ደብዳቤ እየጻፈ ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ ኩባንያው ዝም ይላል። በ1909 እሷና ባለቤቷ ሃሪ ሶልተር ለሌላ ኩባንያ ሥራ እንፈልጋለን ብለው ጻፉ። ያ ኩባንያ ነገሩን ለባዮግራፍ አቀበለ፣ ሁለቱም ተባረሩ። በቦታዋ «የባዮግራፏ ልጅ» የተባለችው ሜሪ ፒክፎርድ ናት። ቅጽሉ የኩባንያው ንብረት ነበርና ለመጣው ሁሉ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ሞታለች ተብሎ ተወርቶ ነበር የሚባለውስ?

ካርል ላምሌ የሚባል ነጋዴ አይምፕ የተባለ አዲስ ኩባንያ ነበረውና ወዲያው ቀጠራት። በ1910 መጀመሪያ ላይ በጎዳና ባቡር ተገጭታ ሞተች የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬውን ያስነዛው ራሱ ላምሌ ነው ይባላል። በመጋቢት ወር በፊልም ነጋዴዎች መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ፦ ወሬው የጠላት ውሸት ነው፣ ሚስ ሎውረንስ በሕይወት አለች፣ ለእኛም እየሠራች ነው አለ። ስሟ ከነፎቶዋ! ከዚያም ከተዋናይ ኪንግ ባጎት ጋር በባቡር ወደ ሴንት ሉዊስ ላካት። ጣቢያው በሰው ተጨናነቀ፤ የካፖርቷን ቁልፎች እየበጠሱ ለማስታወሻ ወሰዱ ይባላል። ሰዉ ስሟን ያገኘው በሞቷ ወሬ መሆኑ እስካሁን ይከነክነኛል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ ይሏታል። በእርግጥ ናት?

ያከራክራል። ፈረንሳዊው ማክስ ሊንደር በዚያው ሰሞን በስሙ ይታወቅ ነበር፤ የቫይታግራፏ ፍሎረንስ ተርነርም በዚያው ዓመት ነው ስሟ የወጣው። ለእኔ ግን አሜሪካ ውስጥ ነገሩን የቀየረችው ሎውረንስ ናት።

ጥያቄ፦ የመኪና ፍሬቻ ፈለሰፈች ይላሉ። እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። መኪና ነፍሷ ነበር። በ1914 ገደማ ቁልፍ ሲጫኑት ከኋላ ብቅ ብሎ መታጠፊያውን የሚያሳይ ክንድ ሠራች። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ «ቁም» የሚል ጽሑፍ ከኋላ ይወጣል። የፈጠራ መብት ግን አላስመዘገበችም፤ ሳንቲም አላገኘችበትም። እናቷ በ1917 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ አስመዝግባለች። እናትና ልጅ!

ጥያቄ፦ መጨረሻዋ እንዴት ሆነ?

በ1912 ቪክቶር የሚባል የራሷን ኩባንያ አቋቁማ በሳምንት 500 ዶላር እስከ ማግኘት ደረሰች፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ እርሻ ገዝታ ጽጌረዳ ትተክል ነበር። ከዚያ በቀረጻ ላይ በተነሳ እሳት ተቃጠለች፣ ጀርባዋም ተጎዳ። ስትመለስ ሌሎች ቦታውን ይዘውታል። በ1930ዎቹ የፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም ለቀድሞ ተዋንያን በሰጠው የሳምንት 75 ዶላር በአጃቢነት ትሠራ ነበር። የማይድን የመቅኔ በሽታ ይዟት፣ ጭንቀትም በርትቶባት፣ በ1938 መጨረሻ በ52 ዓመቷ በራሷ እጅ ሕይወቷ አለፈ። መቃብሯ ሆሊውድ ውስጥ ያለ ስም 53 ዓመት ቆየ። በ1991 ስሙ ያልተገለጸ አንድ ተዋናይ ድንጋይ አስቆመላት፤ የተወለደችበት ዓመት ግን 1890 ተብሎ በስህተት ተቀርጿል።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ፊልሟ ልጀምር?

እህቴ፣ ከ1908ቱ «የቁጡዋ መገራት» ጀምሪ፤ የሼክስፒር ነው፣ ካትሪናን ሆና ትሠራለች። ቁጣዋን በመላ ሰውነቷ ነው የምታወጣው፣ የመድረክ ልጅነቷ ያስታውቃል። የተዋንያን ዝርዝር የለውም። የምትጮኸዋ ሴትዮ እሷ ናት።