መልስ፦ ዋርፋሪን የሚወስዱት እናትህ በጾም ጎመን ይተዉ ወይ?

ወንድሜ፣ ቡሬ ያሉት እናትህ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ስለሚወስዱ በጾሙ ጎመን ትተው የቫይታሚን ኬ ኪኒን ይጀምሩ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዛላቸው። ዋርፋሪን የሚሠራው ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬን ሥራ በመግታት ነው፤ ኪኒን ሲጨመርበት መድኃኒቱ ይዳከምና ደም ሊረጋባቸው ይችላል።

ጎመኑንም ድንገት አታስተዋቸው። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፤ ለአዋቂ ሴት ከቫይታሚኑ በቀን 90 ማይክሮግራም ገደማ ይበቃል፤ ጥሩ አድርገው ጎመን ከበሉ ከዚያ በላይ ያገኛሉ። በኑግ ዘይት ሲሠራ ደግሞ ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የመጠኑ መዋዠቅ ነው። በእኛ በጎጃም ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ጎመን ከገበታ አይጠፋም፤ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮና ቅቤ ይመጣና ጎመኑ ይረሳል። ያኔ መድኃኒቱ ይበረታል፣ ደማቸው ከልክ በላይ ይቀጥናል። ስለዚህ በጾምም በፍስክም የሚበሉት ጎመን ተቀራራቢ ይሁን። ሽሮና ምስር ብዙ ቫይታሚን ኬ ስለሌላቸው አያስጨንቁህ።

ጾሙ ሲገባና ሲፈታ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እንዲለኩ ውሰዳቸው። ድዳቸው ከደማ፣ ሽንታቸው ከቀላ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ዕለት ሆስፒታል አድርሳቸው።