ድምፃቸውን እሰማለሁ፣ ወፎቹን ግን አላያቸውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወፍ ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። የምሄድበት ቦታ ጫካና ረግረግ ጎን ለጎን አለው። ጫካው ውስጥ ሲንጫጩ እሰማለሁ፣ አንዱንም ግን አላይም። ረግረጉ ጋ ስደርስ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ብር ብለው ይሄዳሉ። ባይኖኩላሬ (የሩቅ ማያ መነጽሬ) 8 በ42 የሚባለው ነው። 12 እጥፍ የሚያጎላ ልግዛ እንዴ? (አንባቢያችሁ ነኝ፣ ሴት)

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። 8ቱ የማጉላት አቅሙ ነው፣ 42ቱ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር፤ ለጫካም ለረግረግም ይበቃሻል። 12 እጥፉ የእጅሽን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ እይታውም ይጠባል፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ትንሽ ወፍ በጠባብ እይታ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ መከራ ነው።

እኔ የምጠረጥረው አካሄድሽን ነው። ጫካ ውስጥ እየተራመድሽ አትፈልጊ፣ ቁሚ። በማለዳ፣ ወፎቹ ሌሊቱን ጦማቸውን አድረው ምግብ ሲፈልጉ፣ ጫካው ከሜዳው የሚገናኝበት ዳርቻ ላይ ግንድ ተደግፈሽ ዝም በይ። ነፋስ ሳይኖር ቅጠል ሲነቃነቅ ካየሽ ዓይንሽን ከዚያ ሳትነቅይ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንሽ አምጪው፤ ብዙ ጀማሪ ወደ ባይኖኩላሩ አቀርቅሮ ቀና ሲል ቦታው ይጠፋዋል። ደግሞ ትንንሾቹ ወፎች ብዙ ጊዜ የተለያየ ዓይነት ሆነው በአንድ መንጋ ስለሚመገቡ፣ ጭር ብሎ የቆየ ዛፍ በአንዴ ሊሞላልሽ ይችላል። ታገሺ።

ረግረጉ ላይ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ተቀመጪ። ሲመገብ የነበረ ወፍ ምንቃሩን ከውሃው አውጥቶ አንገቱን ካሰገገ በጣም ቀርበሻል ማለት ነው፣ ቀስ ብለሽ ወደኋላ በይ። ከተረጋጉልሽ በኋላ እግርና ምንቃራቸውን አስተውይ። እግረ ረጅሙ ሳቢሳ ውሃ ውስጥ ደርቆ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል፣ ምንቃራቸው ቀጭን የሆኑት ዳር ዳሩን ጭቃ ይጎረጉራሉ፣ ዳክዬዎቹ ጭንቅላታቸውን ውሃው ውስጥ ደፍተው ጅራታቸው ብቻ ይታያል። በአንድ ኩሬ ላይ ሳይጋፉ የሚኖሩት ለዚህ ነው፤ ይህን ማየት ለእኔ ስም ከማወቅ ይበልጣል።

ለድምፅ፣ አሜሪካ ያለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ላብራቶሪ ያወጣው፣ ድምፁን ሰምቶ የየትኛው ወፍ እንደሆነ የሚነግር መርሊን የተባለ ነፃ የስልክ አፕ አለ። የሚነግርሽን እንደ ፍንጭ ያዢው፣ በዓይንሽ ግን አረጋግጪ። ብቻ እባክሽ በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወትሽ አትጥሪያቸው። ወንዱ ተቀናቃኝ ገባብኝ ብሎ መብላቱን ይተዋል፣ ጎጆ ካለው ደግሞ እንቁላሉ ወይ ጫጩቶቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ።