ትንሿ ሽጉጥ ናት የምትራገጠው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፈቃዱን አውጥተሻል፣ የጀማሪ ሥልጠናውንም ጨርሰሻል። እጅሽ ትንሽ ነው። የሰው ሽጉጥ ተውሰሽ ስትሞክሪ አምስተኛው ጥይት ላይ «በቃኝ» ብለሽ አስቀመጥሽው። አሁን በልብስ ሥር የሚያዝ፣ እጅ የማይመታ ሽጉጥ ትፈልጊያለሽ። ሻጩ ካሉት ሁሉ ትንሿን አሳየሽ። ወንድምሽ ደግሞ ቀላል ሪቮልቨሩን፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባውን ሽጉጥ፣ ልስጥሽ ብሎሻል። .22 የሚባለው ትንሹ ጥይት ይበቃ እንደሆነም ጠይቀሻል። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። አንቺ የገባሽበት ጣጣ ውስጥ እኔ ሚስቴን ከትቻት አውቃለሁና።

መተኮስ ልማር ስትለኝ አዋቂ ነኝ ብዬ እኔው መረጥኩላት። መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ፣ ከሞባይል ስልክ ብዙም የማትከብድ፣ .380 የሚባለውን ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ ገዛሁ። ትንሽ እጅ፣ ትንሽ ሽጉጥ፤ የእኔ ሒሳብ ይኸው ነበር። ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የአውራ ጣቷን ሥር እያሸች «ይኼ ነገር ይናከሳል እንዴ?» አለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ ወደ ተኩስ ሜዳው ድርሽ አላለችም። ጥፋቱ የሽጉጧም የእሷም አይደለም፣ የእኔ ነው።

ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይመጣል። ይህን ወደ ኋላ የሚመጣውን ነገር ርግጫ እንበለው። ርግጫው የሚወሰነው በጥይቱ ኃይልና በሽጉጡ ክብደት ነው። ጥይቱ አንድ ዓይነት ሆኖ የሽጉጡ ክብደት እጥፍ ቢሆን፣ እጅሽ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው። ሩገር ኤልሲፒ የምትባለው ትንሽ ሽጉጥ ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ናት። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ 380 ደግሞ 520 ግራም ገደማ ይሆናል። ሁለቱም የሚጎርሱት ያንኑ .380 ነው። ሁለተኛው ግን የሚመታሽ የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርሽ። 9 ሚሊሜትር ከ.380 የበረታ ጥይት ነው። ሆኖም 700 ግራም በሚመዝን ሽጉጥ ሲተኮስ፣ ርግጫው ከዚያች ከ270 ግራሟ ጋር ተቀራራቢ ነው። ወደ ኋላ የሚመጣው ደግሞ በጣም ዝግ ብሎ ነው። ትንሿ በጥፊ ትላለች፣ ከባዱ ገፋ ያደርጋል። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። ሁለቱን አስተኩሼ ነው የማሳምነው።

ሻጩ ዋሽቶሻል ማለቴ አይደለም። ትንሿ ለመያዝ በእርግጥ ትመቻለች። ለመተኮስ ግን አትመችም። የሚያዝ ሽጉጥ ደግሞ ካልተለማመዱበት ምኑን ተያዘ? ትንንሾቹ ብዙ ለተኮሰ ሰው ናቸው።

እጀታውም የራሱ ጣጣ አለው። ቀጭን ከሆነ ያ ሁሉ ግፊት ጠባብ ቦታ ላይ ያርፍና ይቆረቁራል። አጭር ከሆነ ትንሿ ጣትሽ አየር ላይ ትቀራለች፣ ሽጉጡም በእያንዳንዱ ተኩስ እጅሽ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ይህን አድርጊ። ካዝናውን አውጪ። ጥይት መግቢያውን ከፍተሽ በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑን አረጋግጪ። ሰው ወደሌለበት አዙሪና እጀታውን በተቻለ መጠን ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ ጨብጪ፤ በርሜሉ ከክንድሽ ጋር አንድ መስመር ይሥራ። አሁን የሌባ ጣትሽ የመጀመሪያው አንጓ፣ ለስላሳው ክፍል፣ ቃታው ላይ ደልደል ብሎ ያርፋል? ካረፈ ልክሽ ነው። ቃታውን ለመድረስ ሽጉጡን በመዳፍሽ ውስጥ ማዞር ካስፈለገሽ ግን የሌላ ሰው ጫማ ነው።

ብዙ ሰው የማይነግርሽ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የውስጡ አሠራር። ማካሮቭን ወይም ዋልተር ፒፒኬን የነካ ሰው ይገባዋል። በነዚህ ሽጉጦች ላይኛው ተንሸራታች ክፍል፣ ማለትም ስላይዱ፣ ከበርሜሉ ጋር አልተቆለፈም። ጥይቱ እስኪወጣ ድረስ የሚይዘው የራሱ ክብደትና ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ጥንካሬ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት። ውጤቱ ሁለት ነው፤ ስታቀባብዪ ይከብድሻል፣ ስትተኩሺም በድንገት ይመታሻል። ማካሮቭ ወደ 730 ግራም እየመዘነ እንኳ እጅ ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው። በሌላው አሠራር በርሜሉና ስላይዱ ለቅጽበት ተቆላልፈው አብረው ወደ ኋላ ይሄዱና ከዚያ ይላቀቃሉ። ሞላው ይላላል፣ ርግጫውም ይለሰልሳል። እና ሻጩን «.380 አለህ?» ብቻ አትበዪው። «በርሜሉ የሚቆለፍ .380 አለህ?» በዪው። ፊቱ ሲለወጥ ታያለሽ፣ አክብሮ ነው የሚያናግርሽ።

ማቀባበልን ካነሳሁ አይቀር፣ ካስተኮስኳቸው ጀማሪዎች ብዙዎቹን ያስለቀሳቸው ርግጫው ሳይሆን እሱ ነው። «ጉልበት የለኝም» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አያያዝ ነው። በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይጎትታሉ። እንዲህ ሞክሪው። ሽጉጡን ወደ ደረትሽ ጠጋ አድርጊ፣ አፈሙዙ ግን ምንጊዜም ወደ ኢላማው ይይ። የግራ መዳፍሽን ስላይዱ ላይ ጭነሽ በአራቱም ጣት ጨብጪ። ከዚያ ግራ እጅሽን አትጎትቺው፤ ቀኝ እጅሽ ሽጉጡን ወደ ፊት ይግፋ። ከትከሻሽና ከወገብሽ ጋር ግፊ። ሲያልቅ ስላይዱን ልቀቂው እንጂ አብረሽው አትመለሺ፤ አብረሽው ከተመለስሽ ጥይቱ በደንብ ሳይገባ ይቀራል። የባለቤቴ እናት፣ ጣታቸውን ሪህ የሚያማቸው፣ በዚህ መንገድ በሁለተኛው ሙከራ አቀባበሉ። እኔ ደግሞ «እሳቸውስ አይችሉም» ብዬ ነበር። አፍሬያለሁ።

ድምፁን አትናቂው። አንቺ ርግጫ ያልሽው ግማሹ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ከ140 ዴሲቤል ያለፈ የቅጽበት ድምፅ ጆሮ ይጎዳል፣ የሽጉጥ ተኩስ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ጣሪያ ያለው ቦታ ከሆነማ ደረት ላይ ይሰማል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ አድርገሽ ከላዩ ማዳመጫ የመሰለውን መከላከያ ደርቢበት። ያን ቀን ባለቤቴ የነበራት አንዱ ብቻ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ሁለቱንም አድርጋ በ.22 ስትጀምር ሳቀች። ሽጉጥ ይዛ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አካልሽ ድምፁን ፈርቶ ቀድሞ መደንገጡን ለማወቅ ዘዴ አለ። ጓደኛሽ ካዝናሽ ውስጥ ከእውነተኛው ጋር አንድ ሁለት ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ይቀላቅልልሽ፣ የት እንዳስገባው አትወቂ። ቃታ ስበሽ «ቀጭ» ብሎ ሲቀር አፈሙዙ ወደ ታች ከሰገደ ሽጉጡ ሳይሆን አንቺ ነሽ የራገጥሽው። ሁላችንም እንሰግዳለን፣ አትፈሪ። እኔ ከዓመታት በኋላም አንዳንዴ እሰግዳለሁ።

አሁን ወደ ጥይቱ። ሣጥኑ ላይ «9» ስላየሽ ብቻ አትግዢ። .380 የሚባለው 9×17 ነው፣ ማካሮቭ የሚጎርሰው 9×18፣ ብዙ ዘመናዊ ሽጉጥ የሚጎርሰው 9×19። ሦስቱ አይለዋወጡም። በርሜሉ ላይ የተጻፈውንና ሣጥኑ ላይ ያለውን አስተያይተሽ አንድ ካልሆነ ተዪው። «+ፒ» ምልክት ያለበትም የበረታ ነው፣ ለአንቺ አሁን አያስፈልግም። .380 ለእጅ ለስለስ ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከ9×19 ይወደዳል፣ እንደ ልብም አይገኝም። የጥይት ዋጋ ደግሞ የልምምድ ዋጋ ነው።

ስም ጥሪ ካልሽኝ እነሆ። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ሺልድ ኢዚ 380 በ2018 የወጣ ነው። በርሜሉ የሚቆለፍ ነው፣ ስላይዱ ላላ ያለ፣ ካዝናው 8 ይይዛል፣ ጥይት ስታጎርሺም አውራ ጣት የሚያሳርፉበት ጉጥ አለው። አንድ ጠባይ አለው፤ እጀታው ጀርባ ላይ መጫኛ አለ፣ አጥብቀሽ ካልጨበጥሽ አይተኩስም። ለእጅሽ ከፍ ብሎ መያዝን ያስተምራል፣ ግን ከመግዛትሽ በፊት እጅሽ ሁልጊዜ እንደሚጫነው አረጋግጪ። በ2023 የመጣው ሩገር ሴኪዩሪቲ 380 ትንሽ ገዘፍ ይላል፤ 560 ግራም ገደማ ሆኖ 15 ይጎርሳል። ልብስሽ ሰፋ ያለ ከሆነ እኔ ይህን እወደዋለሁ። ግሎክ 42 ከሁለቱም ያንሳል፤ 390 ግራም ገደማ፣ የሚጎርሰው 6 ነው። በርሜሉ ስለሚቆለፍ ከመጠኑ በላይ ጨዋ ነው። ሲግ ፒ365 በ9 ሚሊሜትርም በ.380ም ይሠራል። 9ኙ ለጀማሪ ትንሽ ይቆጣል፣ .380ው ግን ባለቤቴ ዛሬ የምትይዘው ነው። እሷ መርጣው። እኔ ከኋላ ቆሜ ከፈልኩ፣ አበቃ።

ሁሉንም ሳትተኩሺ አትግዢ። የሚያከራይ የተኩስ ሜዳ ካለ ከእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ጥይት ተኩሺ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ምንም አይነግሩሽም። አስራ አምስተኛው ላይ እጅሽ ከደከመ እሱ ነው መልሱ።

.22ን በተመለከተ፤ ለመማር ከእሱ የተሻለ የለም። ርግጫው ኢምንት ነው፣ ጥይቱም ርካሽ። ለጥበቃ ግን ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። በ.22 ጥይት መለኮሻው ያለው በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ ነው፤ መሐሉ ላይ መለኮሻ እንዳላቸው ጥይቶች አስተማማኝ አይደለም። አንዳንዱ አልነሳም ይላል። ሆኖም እጁ ሌላውን ጨርሶ ለማይችል ሰው፣ በ.22 ደህና አድርጎ የሚመታ ሰው በ9 ከሚስተው ይሻላል። ብቻ አንቺ እዚያ አልደረስሽም ባይ ነኝ።

ስለ አያያዙ አጭር ልበል። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ያስፈልግሻል። ለስላሳ ጨርቅ ሳይሆን ቅርጹን የማይለቅ። በቦርሳ የምትይዢ ከሆነ ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ እንዳይገባ፤ ለብቻው ኪስ፣ ለብቻው አፎት። ቦርሳው ደግሞ ካንቺ አይለይ። ሶፋ ላይ ጥለሽው ወጥ ቤት የምትገቢ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ልጅ ካለ፣ በቦርሳ መያዙን ከአሁኑ ተዪው። ማታ የሚቆለፍ ሣጥን። ይህን ለመደራደር ፈቃደኛ አይደለሁም። የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶውን ታጥቀሽ ቤት ውስጥ ዋዪ፤ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ፣ ደረጃ ውጪ። የሚቆረቁርሽን ያኔ ታውቂዋለሽ።

የወንድምሽ ሪቮልቨር ቀረ። ማቀባበል የለበትም፣ ይህ እውነት ነው። ግን ቀላል የሚባሉት የ.38 ሪቮልቨሮች 400 ግራም ገደማ ናቸው፣ ቃታቸው ደግሞ አምስት ኪሎ ገደማ ይስባል። ሽጉጡን ከሚመዝነው ከአስር እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት እየሳብሽ ሳይነቃነቅ ማነጣጠር አስቢው። ርግጫውም ከትንሿ ከ.380 አይሻልም። ብረት የሆነው፣ ከ600 ግራም በላይ የሚመዝነው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ወንድምሽን ግን አታስቀይሚው። ሜዳ ይዞሽ ይሂድ፣ ዋድከተር የሚባለውን ጫፉ ጠፍጣፋ የኢላማ ጥይት ይግዛልሽ፤ በ.38 ከሚገኙት ለስላሳው እሱ ነው። አምስቱን ተኩሺ። ከበሮውን ባዶ አድርገሽ እንደገና ለማጉረስ እጅሽ ወደ ሣጥኑ ካልሄደ፣ አመስግነሽ መልሺለት።