ታካሚ የሚወድቀው ሽንት ቤት ሲሄድ ነው

ከአዳማ የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው፦ የምትሠሪው ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አዛውንት ወደቁ፤ የአንዷ የዳሌ አጥንት ተሰበረ። ተረኛዋ ነርስ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። የአልጋ አላርም የላችሁም፣ የጎን ብረት ያላቸው አልጋዎችም ጥቂት ናቸው፣ ማታ ማታ ሁለት ነርስ ብቻ ናችሁ። "በዚህ አቅም ምን ማድረግ ይቻላል?" ብለሻል። እኔ ሐዋሳ ነኝ፤ ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሜዲካል ዋርድ ነው፤ የኛም ሁኔታ ከናንተ እምብዛም አይለይም። ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል።

በአላርሙ አትዘኚ። አሜሪካ ውስጥ በ2012 የታተመ ጥናት ነበር፤ አላርም በብዛት እንዲጠቀሙ የተደረጉ ዋርዶችን ከሌሎቹ ጋር አወዳድሮ በሚወድቀው ሰው ቁጥር ላይ የረባ ልዩነት አላገኘም። እኔ አልገረመኝም። አላርም የሚጮኸው ታካሚው መነሳት ከጀመረ በኋላ ነው። አንቺ ሌላ ክፍል መድኃኒት እየሰጠሽ ከሆነ አትደርሺለትም።

የጎን ብረትም እንደ ሰዉ ነው። ራሱን ለሚያውቅ፣ ግን ለደከመ ሰው መገላበጫ መያዣ ይሆነዋል። ሐሳቡ ለተምታታበት ታካሚ ግን አደጋ ነው። ብረቱን ተሻግሮ ልውረድ ይላል፤ ያኔ የሚወድቀው ከአልጋው ሳይሆን ከብረቱ ከፍታ ነው። እጁን ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ ይታገላል፣ ይበልጥ ይረበሻል። እኛ በጣም ሲቸግረን ፍራሹን ወለል ላይ አድርገን ያስተኛንበት ጊዜ አለ። ቤተሰብ ግን አስቀድሞ ካልተነገረው "አባታችንን መሬት ጣሏቸው" ብሎ ያዝናል፤ ማዘኑም አይፈረድበትም። ተቀምጦ ማስረዳት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የታመመ ሰው ሌሊት ከአልጋው ለምን ይነሳል? አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱ መጥቶ ነው። አንዲት እናትን አስቢያቸው። ልጃቸው ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ስለዋለች ሊቀሰቅሷት አንጀታቸው አልቻለም። ነርሷን ለመጥራት ይሉኝታ ያዛቸው። የግሉኮሱን ከረጢት በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የልጃቸውን ሰፊ ሲሊፐር አጥልቀው፣ በጨለማ ልጃቸውን ሊራመዷት እግራቸውን ያነሳሉ። ይህን ውድቀት አላርም አያስቀረውም። የሚያስቀረው እሳቸው ሳይነሱ በፊት ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሽንት ቤት ዙር አበጁ። እኛ ከመኝታ በፊት ማታ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት፣ ከዚያ 11 ሰዓት ላይ እንዞራለን። ለብቻው ሥራ አይደለም፤ ከመድኃኒትና ከቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት) መለኪያ ሰዓት ጋር ይገጠማል። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። "ሽንት ቤት ይፈልጋሉ?" ካልሻቸው መልሳቸው "አይ፣ ደህና ነኝ ልጄ" ነው። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ብቻቸውን ይነሳሉ። "እማማ፣ እስቲ ይነሱ፣ አብረን ደርሰን እንምጣ" በያቸው፤ ይነሳሉ። መራመድ ለማይችሉት ቤድፓን ወይም ፖፖ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ሽንት ቤት ካስገባሽ በኋላም ጥለሽ አትሂጂ፤ ብዙ ሰው ራሱን የሚያዞረው ከተቀመጠበት ሲነሳ ነው።

የመድኃኒት ሰዓትም ተመልከቺ። ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) በቀን ሁለቴ ታዞ ጠዋት 12 እና ማታ 12 ሰዓት ላይ ከተሰጠ፣ ታካሚው ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረሽ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ እንዲሆን አድርጊ። እንቅልፍ የሚያመጡትን ዳያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ኢንሱሊን የሚወስዱትንም ለዪያቸው። ግፊት ተኝተው ከተለካ በኋላ ቆመው በ1 እና በ3 ደቂቃ ይለካ። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ያ ሰው ብቻውን መነሳት የለበትም። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ግን ሲሠራ እምብዛም አላይም።

ሁለት ነርስ ብቻ ነን ያልሽው እውነት ነው። ግን በየአልጋው አጠገብ አስታማሚ አለ። አስታማሚን በጥበቃ እያስወጣን የምንገፋውን ያህል ብናስተምረው ኖሮ ብዙ ሰው በተረፈ ነበር። ሐዋሳ ላይ ከገጠር የሚመጣው ታካሚ ብዙው ሲዳምኛ ተናጋሪ ነው፤ ወላይትኛ ተናጋሪም አለ። በአማርኛ ነግረሽው "እሺ" ቢልሽ ገብቶታል ማለት አይደለም። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ፈልጊ፤ ከዚያ "እስቲ እንዴት እንደምታነሳቸው አሳየኝ" በይው። ማታ ሌላ ልጅ ሲቀይረው እንደ አዲስ ይነገረው። አስታማሚው የሚተኛውም ታካሚው በማይወርድበት በኩል ይሁን። ለታካሚውም "ልጅዎን ቢቀሰቅሱት ደስ ይለዋል" በያቸው፤ ልጁም እዚያው በራሱ አፍ ይንገራቸው።

ቦስተን ውስጥ የተጀመረ አንድ አሠራር አለ። የታካሚው የመውደቅ ምክንያትና መፍትሔው በሥዕል በአንድ ገጽ ላይ ተሞልቶ አልጋው አጠገብ ይሰቀላል። የሚሞላውም ከታካሚውና ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ነው። በ2020 የታተመው ጥናት መውደቅ በ15 በመቶ፣ ጉዳት ያስከተለ መውደቅ ደግሞ በ34 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። የሞርስ ነጥብ (የመውደቅ ስጋት መለኪያ ቅጽ) መሙላት ጥሩ ነው፤ 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ቦታ ከፍተኛ ስጋት ይባላል። ነገር ግን ነጥቡ ካርድ ውስጥ ታጥፎ ከቀረ ማንንም አይደግፍም።

ሁሉንም እኩል መጠበቅ ካልቻላችሁ ቢወድቅ የሚጎዳውን አስቀድሙ፦ በጣም ያረጁ፣ አጥንታቸው የሳሳ ወይም አጥንት የሚያሳሳውን ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ ደም የሚያቀጥኑት ዋርፋሪን ወይም ሄፓሪን ላይ ያሉ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆኑ። እነዚህ ለነርሶች ጠረጴዛና ለሽንት ቤት ቅርብ አልጋ ይሰጣቸው። የአልጋ ፍሬን፣ የታጠበ ወለል፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ የታወቁ ናቸው፤ በየሺፍቱ ይታዩ።

ወድቆ ካገኛችሁትም ቶሎ ብድግ አታድርጉት። አስታማሚው ሊያነሳው ይሞክራል፣ ከልክሉት። መጀመሪያ ንቃቱን፣ አንገቱን፣ ዳሌውን እዩ። አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ጠርጥሩ። ስኳር ለኩ። ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም ማንም ሳያየው ከወደቀ፣ ንቃቱ ሙሉ ቢሆንም የመጀመሪያውን 2 ሰዓት በየ30 ደቂቃው፣ ቀጥሎ 4 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ ተከታተሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ደህና ቢመስልም ሐኪም ወዲያው ይጠራ፤ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።

ስለ ማስጠንቀቂያው የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ትክክል አይደለም። ነርስ ከተቀጣች ቀጣዩ መውደቅ አይጻፍም። አንዳንዷም ፈርታ ታካሚውን ከአልጋ አላስወርድም ትላለች፤ እሱም ጉልበቱ ይከዳውና ሲነሳ ይወድቃል። ለሜትረኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) ይህንኑ ንገሯት። በቅጣቱ ፋንታ አንድ መዝገብ ይከፈት፦ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ምን ሊያደርግ ተነሳ፣ እግሩ ላይ ምን ነበር፣ አስታማሚው የት ነበር። እነዚያን ሁለት አዛውንት ከመዝገቡ መጀመሪያ አስገቧቸው። እኛ የምንሰቅለው ባለ ሥዕል ወረቀት በአማርኛም በሲዳምኛም አለ፤ ነገ ሥራ ስገባ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ኦሮምኛውን እዚያው እናንተ አስተርጉሙት።